ሠራተኛው የት ነው የሚያድረው? ስለ ኩርሙክ የሠራተኛ መኖሪያ መሬት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለማዕድን ሚኒስቴር
ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልላዊ መንግሥት
ግልባጭ፦ ለጎንደር ከተማ አስተዳደር

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ዕድሜዬን የፈጀሁት መሬት ስለካ፣ ችካል ስተክልና ሽንሸና ሳወጣ ነው፤ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። የወርቅ ማዕድን ሥራ የተጀመረባት ኩርሙክ ከእኛ ሩቅ ናት፤ ከዓባይ ማዶ፣ ሱዳን ድንበር ላይ። የጎንደር ሰው የኩርሙክ መሬት ምን አገባው የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ልጆቻችን እዚያ ናቸው። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ፌሮ ሠራተኛው፣ በያጁ፣ ሾፌሩ፣ ጥበቃው ከዚህ ይሄዳል። በከተማችን ሥራ ሲቀዘቅዝ ደላላው አውቶቡስ ተራ ላይ የሚጠራው ስም ድሮ መተማና ሁመራ ነበር፤ ዛሬ የወርቅ አገር ተጨምሮበታል።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በኩርሙክና በዙሪያዋ ለሠራተኛ መኖሪያ የሚሆን መሬት የቦታ ዋጋ ሳይሰቀል በፕላን ተለይቶ ይያዝ፤ የሚሰጠውም በጨረታ ሳይሆን በምደባ፣ ማለትም ያለ ዋጋ ውድድር ለዓላማው ተመድቦ፣ ይሁን። የቀረው ጽሑፌ ለምን እንደሆነ ማስረጃ ነው።

በኩርሙክ፣ በዲሽ ተራራና በአሻሽሬ ያለውን የወርቅ ክምችት ለማውጣት የተጀመረው ሥራ በአገራችን ከታዩት የወርቅ ማዕድናት ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ኩባንያው ለቋሚ ሠራተኞቹ ካምፕ እንደሚሠራ አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ያለ ካምፕ አይጀመርም። እኔን ያሳሰበኝ ከካምፑ አጥር ውጭ የሚቀረው ሰው ነው። ንዑስ ተቋራጩ ለስድስት ወር አምጥቶ የሚበትነው የቀን ሠራተኛ አለ። ጎሚስታው፣ የሱቅ ጠባቂው፣ ሻይ የምታፈላውና እንጀራ የምታቀርበው እናት፣ ለእነሱ ውሃ የሚቀዳው ልጅ አሉ። በካምፑ የስም ዝርዝር ውስጥ አንዱም የለም፤ ሥራው ግን ያለ እነሱ አንድ ሳምንት አይሄድም።

አንድ የጎረቤቴ ልጅ በቴሌግራም የላከልኝን ፎቶ አይቻለሁ። ቦታውንና የማን ሥራ እንደሆነ አልናገርም፤ እንጀራው ነው። ክፍሉ ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለው፣ መስኮት የለው። ወለሉ ላይ ስፖንጅ ፍራሽ ጎን ለጎን ተደርድሯል፤ በመካከሉ እግር የሚያሳልፍ ቦታ የለም። ምስማር ላይ አጎበር ተንጠልጥሏል፣ ግን እንደተጠቀለለ ነው። ለምን አትዘረጉትም ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ማን ላይ ዘርግቼ ማንን ልተው?» አለኝ። የቀን ፈረቃው ሲነሣ የሌሊቱ ፈረቃ በዚያው ፍራሽ ላይ ይተኛል። ረፋድ ላይ ቆርቆሮው ሲግል ላብ ይቀሰቅሰውና ጥላ ፍለጋ ይወጣል፤ ማታ ደግሞ ያንኑ እንቅልፍ ያጣ ዓይን ይዞ ገልባጭ መኪና ላይ ይወጣል። የሥራ ላይ ደህንነት ሲባል ሄልሜትና ጫማ ብቻ የሚታያቸው ሰዎች ይህን ፎቶ ቢያዩት ደስ ይለኝ ነበር።

ጎንደር ይህን ነገር በወሬ አይደለም የምታውቀው። በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ከደጋው ወደ መተማና ሁመራ የሚወርደው የጉልበት ሠራተኛ ብዙ ነው። እርሻው ላይ ቤት የለም፤ ማደሪያው ዳስ ነው፣ እሱም ከታጣ የግራር ሥር። የካላ አዛር በሽታን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብም የምትኖረው እዚያው ነው፤ በበጋ በሚሰነጣጠቀው ጥቁር አፈር ውስጥና በግራሩ አካባቢ። የምትነክሰው በጨለማ ነው። ትኩሳቱ ሄድ መጣ ይላል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሰው ይከሳል፤ ካልታከመ ይገድላል። ኤች አይ ቪ ከተጨመረበት ደግሞ ሕክምናውም ይከብዳል፣ በሽታውም ይመላለሳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ ብቻ የምርምርና የሕክምና ማዕከል ያቋቋመው ሳይቸግረው አይደለም። እዚያ የሚተኙት በአብዛኛው ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ሕመማቸውን ሲናገሩ የሚጀምሩት «እርሻ ወርጄ ሳለሁ» ብለው ነው።

ነገሩ በእነሱ አላበቃም። በደቡብ ጎንደር፣ በሊቦ ከምከም ወይና ደጋ መንደሮች የወባ መድኃኒት የማያቆመው ትኩሳት ተነሥቶ ነበር። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፤ ብዙ ሰው ከሞተ በኋላ ነው በ1997 ዓ.ም. ካላ አዛር መሆኑ የታወቀው። በሽታው ከዚያ በፊት በማይታወቅበት አገር እንዴት ገባ ሲባል፣ ባለሙያዎቹ ያመለከቱት ከሁመራና ከመተማ ወደ ቤታቸው የተመለሱ ሠራተኞችን ነው። ጥናት ሲደረግም ሌሊት ግራር ሥር መተኛት ለበሽታው ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ አስቡት፤ ባለሀብቱ ሰሊጡን ሸጠ፣ መንግሥት ዶላሩን አገኘ፣ ማደሪያ ያለመሥራቱን ዕዳ የከፈሉት ግን እርሻውን በዓይናቸው ያላዩ የሊቦ ሕፃናት ናቸው።

ኩርሙክ ላይ ካላ አዛር አለ እያልኩ አይደለም። እዚያ የሚፈራው ወባ ነው፤ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ በአገራችን ወባ ከሚበረታባቸው ክልሎች አንዱ ነው፣ ከደጋ የሚወርደው ልጅ ደግሞ የመቋቋም አቅም የለውም። ወባ ከአጎበርና ከተዘጋ መስኮት ጋር የተያያዘ ነገር ነው። አጎበር የሚዘረጋበት ስፋት የሌለው ክፍል ውስጥ አጎበር ማደል ለሪፖርት ካልሆነ በቀር ለምንም አይጠቅምም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልምጣ። መሬት ቀድሞ ባልተለየበት የማዕድን ከተማ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። መጀመሪያ የኩባንያው መኪና ያልፋል፣ ቀጥሎ ሱቅ ይከፈታል። ከዚያ መንገድ ዳር ቦታ ያለው ሰው አራት ክፍል ቆርቆሮ ይመታል፤ በወሩ ኪራዩን ይጨምራል፣ በዓመቱ ስምንት ክፍል ያደርገዋል። መንገድ ዳር ሲሞላ ጨረቃ ቤት ይቀጥላል፤ ፍሳሽ መውረጃው ላይ፣ የመንገድ ክልል ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ሊሠራበት የታሰበው ሜዳ ላይ። ከአምስት ዓመት በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ ልክፈት ሲል ቤት አፍርስ ይባላል። ያኔ ግሬደሩ ፊት የሚቆመው ሰው ሕገወጥ ተብሎ ይመዘገባል። ሕጋዊ የሚሆንበት ቦታ ያዘጋጀለት ግን አልነበረም። እንዲህ ያለውን ችካል ስተክልም፣ የተከልኩት ሲነቀልም ኖሬአለሁ፤ ሳይቃጠል በቅጠል የምለው ለዚህ ነው።

ሕጉ መንገድ አለው። የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሬት በጨረታና በምደባ እንደሚሰጥ ደንግጎ፣ በምደባ ከሚስተናገዱት ውስጥ በመንግሥት የሚወሰኑ የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራሞችን ይጠቅሳል፤ ልዩ አገራዊ ፋይዳ ያለው ፕሮጀክትም በክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ታይቶ በዚያው መንገድ ሊያልፍ እንደሚችል ይፈቅዳል። የወርቅ ማዕድኑ አገራዊ ፋይዳ አለው ብለን ከተስማማን የሠራተኛው ቤት እንዴት ከፋይዳው ውጭ ይሆናል? በጨረታ ከሆነ ግን ውጤቱ ከአሁኑ የታወቀ ነው። ወርቅ ባለበት ከተማ ጨረታ የሚያሸንፈው ሆቴልና ነዳጅ ማደያ ነው፤ የሠራተኛ ክፍል የሚሠራ ሰው የሊዝ መነሻ ዋጋውን እንኳ አይችለውም፣ ከቻለም ኪራዩን በሠራተኛው ላይ ይጭነዋል።

መሬቱ ብዙ እንዳይመስላችሁ አስልቼዋለሁ። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ኮርፖሬሽንና የአውሮፓ መልሶ ግንባታና ልማት ባንክ በፈረንጆቹ 2009 ባወጡት የሠራተኛ መኖሪያ መመሪያ ለአንድ ሰው የሚታሰበው የመኝታ ክፍል ስፋት ከ4 እስከ 5.5 ካሬ ሜትር ነው፤ በአልጋና በአልጋ መካከል ቢያንስ 1 ሜትር፣ ለ15 ሰው አንድ መጸዳጃ። ለ1,000 ሰው ብናስብ፣ አራት አራት ሆነው በ22 ካሬ ሜትር ክፍል ቢያድሩ 250 ክፍል፣ 5,500 ካሬ ሜትር ይሆናል። መተላለፊያ፣ ወጥ ቤት፣ መታጠቢያና 67 መጸዳጃ ጨምሩበትና እጥፍ አድርጉት። የውስጥ መንገድ፣ የጎርፍ ቦይ፣ ልብስ ማጠቢያና ማስጫ፣ ኳስ የሚያንከባልሉበት ሜዳ፣ የጤና ኬላ ቦታ ሲታከልበት በአንድ ፎቅ እንኳ ከሦስት ሄክታር ብዙም አያልፍም። ሁለት ፎቅ ከሆነ ያንሳል። ለቆሻሻ አፈር መከመሪያ ከሚሰጠው ቦታ ጋር ሲነጻጸር ይህ ምንም ማለት አይደለም።

ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ የት ላይ ነው የሚለው ነው። የቢሮ ሰው ካርታ ላይ ነጭ ሆኖ ያየውን ሁሉ ባዶ መሬት ይለዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊት ያለውን ብቻ አይቶ ደረቅ ወንዝ አጠገብ ሰፈር የሚያስቀምጥ ቀያሽ አጋጥሞኛል። ጥቁር አፈር ላይ ጥልቀት የሌለው መሠረት በዓመቱ ይሰነጠቃል፤ በበጋ የሚከፈተውን ስንጥቅ ደግሞ ከላይ ተናግሬአለሁ። ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚነፍስ፣ ድማሚት የሚፈነዳበት ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ወርቁ የሚለይበት መርዝ፣ የሳይናይድ ዝቃጭ የሚጠራቀምበት ግድብ ከሰፈሩ በላይ ነው ወይስ በታች፣ የጉድጓድ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ሳይታይ ችካል አይተከል። ሻኪሶ ላይ ነዋሪው ጤናችን ተጎዳ ብሎ አደባባይ ወጥቶ የለገደንቢ ወርቅ ማዕድን ፈቃድ የታገደው በ2010 ዓ.ም. ነው፤ ሩቅ ጊዜ አይደለም።

ቤቱን ማን ይሥራው የሚለው ሁለተኛ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው «ኩባንያው ይሥራ» ይላል። የዓለም የሥራ ድርጅት ግን በፈረንጆቹ 1961 ባወጣው የሠራተኞች ቤት ምክረ ሐሳብ ቁጥር 115 ላይ አሠሪው በቀጥታ ቤት ማቅረቡ በጥቅሉ የሚመከር አይደለም ይላል፤ ከከተማ የራቀ ሥራን የመሰለ ካልሆነ በስተቀር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤትህም ሥራህም የአንድ ሰው ከሆነ፣ በደመወዝ ስትከራከር ማታ የምትገባበት የለህም። ስለዚህ ቤቱ ከሥራ ውሉ ይለይ። ከሥራ የተሰናበተ ሰው ሌላ ማረፊያ እስኪያገኝ የሚቆይበት ጊዜ በጽሑፍ ይታወቅ። ኪራይም ከደመወዙ ተመጣጣኝ ድርሻ እንዳያልፍ ይወሰን።

ተስፋ ብቻ ሰጥቶ መሄድስ? ደቡብ አፍሪካ ማሪካና ላይ ነሐሴ 10 ቀን 2004 ዓ.ም. ፖሊስ አድማ ላይ የነበሩ 34 የፕላቲኒየም ማዕድን ሠራተኞችን ተኩሶ ገደለ። የአድማው ጥያቄ ደመወዝ ነበር። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ግን የመኖሪያውንም ነገር አነሣ፤ ኩባንያው 5,500 ቤት እሠራለሁ ብሎ ግዴታ ገብቶ የሠራው ለናሙና የሚታዩ 3 ቤቶችን ነበር። ከኩባንያው ማደሪያ ውጭ ለሚኖር ሠራተኛ የቤት አበል ይከፈለው ነበር። የሚከራይ ቤት በሌለበት አበል ምን ይሠራል? ቆርቆሮ ገዝቶ ሜዳ ላይ ጎጆ ቀለሰ። እኛም አገር ተቋራጮች «የቤት አበል እንከፍላለን» ሲሉ እሰማለሁና ይህን ልብ በሉልኝ።

በምዕራብ አውስትራሊያ ካልጉርሊ የምትባል ከተማ አለች። ወርቅ የተገኘባት በፈረንጆቹ 1893 ነው፤ የሚጠጣ ውሃ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በቧንቧ ተስቦ የደረሰላት በ1903 ነው። ሀብታም አገር፣ ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ከተማ፣ ዛሬም ግን የሠራተኛ ቤት እጥረት አልለቀቃትም። በዚያ አገር ሌላው ዘዴ ሠራተኛውን በአውሮፕላን አምጥቶ፣ ሳምንታት አሠርቶ መመለስ ነው፤ የአገሪቱ ፓርላማ ኮሚቴ በ2013 ባወጣው ሪፖርት ይህ አሠራር በማዕድን ከተሞቹ ኑሮና በሠራተኛው ቤተሰብ ላይ የሚያደርሰውን ጫና ዘርዝሮታል። ለእኛ አውሮፕላኑም የለም፤ ከጎንደር የሚሄደው ልጅ የሚመለሰው መንገዱ ሲከፈትና ገንዘብ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ የሚኖረው እዚያው ነው፤ እንደ ነዋሪ ይታሰብ።

የመሬቱን ባለቤቶች ሳላነሣ ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ኩርሙክ የበርታ ሕዝብ አገር ናት። ወርቁን አሸዋ አጥበው ሲያወጡ የኖሩት እነሱ ናቸው፤ የአካባቢው ገዥ የነበሩት ሼህ ሆጀሌ ለአዲስ አበባ ይገብሩት የነበረው ወርቅ ከዚያው መሬት የወጣ ነው። ከሱዳን ጦርነት የሸሹ ስደተኞችም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። መሬቱ ላይ ሰው አለ። ለሠራተኛ ቤት ተብሎ ገበሬ ተነሥቶ ካሣው ሲዘገይ የሚቀያየሙት ሚኒስቴሩና ገበሬው አይደሉም፤ የሚጣሉት ገበሬውና የእኛ ልጅ ናቸው። ይህን የምለው ፈርቼ ነው። የካሣ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታው በፕላኑ መሠረት ማልማት ከቻለ ቅድሚያ እንዲሰጠው ይላል። ይህ አንቀጽ ጽሑፍ ላይ አይቅር። የበርታ ባለይዞታዎች በማኅበር ተደራጅተው፣ የባንክ ዋስትና ተመቻችቶላቸው፣ ለሠራተኛ የሚከራየውን ቤት ራሳቸው ይሥሩት፤ ኩባንያውና ተቋራጮቹ ለተወሰኑ ዓመታት የኪራይ ውል አስቀድመው ይፈርሙ። ባንኩ ብድሩን የሚሰጠው ያን ውል አይቶ ነው።

ዕድሜውንም አስሉት። በማዕድን አዋጁ ለከፍተኛ ደረጃ ማዕድን የሚሰጠው ፈቃድ እስከ 20 ዓመት ነው፣ ይታደሳል፤ የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። ወርቁ ካለቀ በኋላም ቤቱ ይኖራል ማለት ነው። ከአጥር ውስጥ የተሠራ ካምፕ ያኔ ይነቀላል ወይ ይፈርሳል። ከከተማው መንገድ፣ ከከተማው ውሃ መስመር ጋር የተያያዘ ሰፈር ግን የሰው መኖሪያ ሆኖ ይቀጥላል፤ ባለ አራት አልጋውን ክፍል በሩን አገናኝቶ የቤተሰብ ቤት ማድረግ እንዲቻል ከወዲሁ በፕላኑ ይታሰብ። ይህ ለአርክቴክት የአንድ ቀን ሥራ ነው።

በነገራችን ላይ ለሠራተኛ መሬት መስጠት አዲስ ነገር አይደለም። የጎንደር ነገሥታት ግንብ ሲያስገነቡ ከሠሩላቸው መካከል ቤተ እስራኤላውያን ግንበኞችና አናጢዎች ነበሩበት፤ በከተማዋ ዙሪያ መሬት ተሰጥቷቸው ሰፍረው ነው የሠሩት። የነበረባቸውን ንቀትና መገለል ታሪክ አይረሳውም፣ እኔም ነገሩን ለማሳመር አላነሣሁትም። ግን ሊዝና ማስተር ፕላን በሌለበት ዘመን እንኳ ግንብ የሚሠራው ሰው የት ይደር የሚለው ተጠይቆ ነበር።

ለጎንደር ከተማ አስተዳደርም ሁለት ነገር አለኝ። ከዚህ ሠራተኛ የሚመለምል ተቋራጭም ሆነ ደላላ የሥራ ውል ሲያስመዘግብ የማደሪያው አድራሻና የክፍሉ ስፋት የሚጻፍበት መስመር ቅጹ ላይ ይጨመር፤ ባዶ ከተወው አይታተምለት። ሁለተኛ፣ ከቆላ የሚመለሱ ሠራተኞች ትኩሳት ሲይዛቸው የት ሠርተው የት ያድሩ እንደነበር በየጤና ጣቢያው ይመዝገብ፤ ለሊቦ ከምከም ያን ጊዜ የጎደላት ይህ መረጃ ነው።

ለክልሉና ለሁለቱ ሚኒስቴሮች የቀረኝ ጥያቄ የኩርሙክ ከተማ መዋቅራዊ ፕላን ማንም ሊያየው በሚችልበት ቦታ፣ በአማርኛም በበርታ ቋንቋም፣ እንዲለጠፍ ነው። የሠራተኛ መኖሪያ የተባለው ቦታ በቀለም ተለይቶ፣ ስፋቱ በሄክታር ተጽፎ ይታይ። ተለይቶ ከሆነ የምስጋና ደብዳቤ እጽፋለሁ። ካልተለየ ደግሞ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ የቦታ ጥናት ቡድን ይላክ፤ ጎርፉ የሚወርድበትን የሚያውቁ የአካባቢው ሽማግሌዎች ከቡድኑ ጋር አብረው ይዙሩ፣ አበላቸውም እንደ ባለሙያ ይከፈላቸው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የጡረታ ቀያሽ
አዘዞ፣ ጎንደር